የጋፋት በርና ሦስቱ ዘፈን ፈላጊዎች

እናንተ ሙዚቃ የምትሰሙት ደስ እንዲላችሁ ነው። ታድላችሁ። እኔ ባለፈው ዓመት የሰማሁት እንደ ተማሪ ለፈተና ነው። ጥናቱን የጀመርኩት በቅበላ ሰሞን፣ የተፈተንኩት ከፋሲካ በኋላ ሲሆን ፈተናው የተሰጠው ጋፋት ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ፈታኟም ከበሮ ታጥቀው ነበር።

ደብረ ታቦር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው በመስታወት ውስጥ ነው ቦታ የሚያገኘው። በቅበላ ሰሞን አንድ ቀን ጓደኛዬ ያረጋል መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያረጋል አናጢ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ወሬ ግን አይሠራም፣ ዝምተኛ ነው። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እያሰርኩለት ሳለ በመስታወቱ አየኝና፣ «ትርንጎ እሺ አለች» አለኝ። «ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ነው። አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ።»

በደስታ አቅፌ ሳምኩት። መቀሱን ሳላስቀምጥ ስለነበር የግራ ጆሮውን ለጥቂት ነው ያተረፍኩለት።

«አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ» አለ ጆሮውን እየዳበሰ። «በር ላይ እንዳታስቀረኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ የእሷ ወገን ሴቶች በሩን ይይዙና በዘፈን ይከላከላሉ። ሚዜዎች በዘፈን ይመልሳሉ። ሚዜዎቹ እስኪረቱ ድረስ ሙሽራው ደጅ ይቆማል። ሌላ አገር ይህ ጨዋታ ነው፤ ሁለት ዘፈን ይባልና፣ ትንሽ ግፊያ ይኖርና፣ ሁሉም ሳቅ ብሎ ይገባል። ጋፋት ግን ድሮ መድፍ የተሠራበት መንደር ነው። መድፉ ከሄደ ወዲህ ጥንካሬው ለሴቶቹ ቀርቷል።

የእነዚያ ሴቶች አለቃ ደግሞ የትርንጎ አክስት እትዬ ዘነበች ናቸው። በዚያ ዙሪያ በር የሚያዝበት ሰርግ ሁሉ እሳቸው ከበሮውን አንግተው ይቆማሉ። ያልሰሙት ዘፈን የለም። ሚዜ ግጥሙን ሲጀምር መጨረሻውን ከአፉ ነጥቀው መልሱን ያስከትላሉ። ከእብናት የመጣ አንድ ሙሽራ እሳቸው በያዙት በር ላይ ቆሞ ዝናብ እንደመታው ይነገራል። ሚዜዎቹ የሚያውቁትን ዘፈን ሁሉ ጨርሰው በመጨረሻ የትምህርት ቤት የሰልፍ መዝሙር ጀምረው ነበር አሉ። ሰውዬውን እስካሁን ሳል አልለቀቀውም ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም፣ ሲሳል የሰማ ሰው ግን አውቃለሁ።

ያረጋልን እምቢ ማለት አልችልም። እኔ ሳገባ፣ ይፋግ ላይ፣ በር አስከፍቶ ያስገባኝ እሱ ነው። ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ዘፍኖልኝ፣ ከሰርጉ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ በጥቅሻ ሲያወራ ሰነበተ። አሁን ተራው የኔ ነው። ችግሩ ድምፄ ነው። ልጅ ሳለሁ ከእኩዮቼ ጋር ዜማ ልማር ገብቼ ነበር። የኔታ አንድ ጊዜ ሰሙኝ፣ ሁለተኛም ሰሙኝ፣ ከዚያ ትከሻዬን ይዘው፣ «አንተ ጧፍ ያዝ ልጄ፤ እግዚአብሔር ብርሃንም ይወዳል» አሉኝ። ጧፍ በመያዝ አንደኛ ወጣሁ። ባለ ድምፅ በሞላበት በዚህ አገር እንደኔ ያለ ሰው የሚወለደው ሌሎቹ እንዳይኮሩ ይመስለኛል።

ድምፅ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ስልክ ያወጣል። ጎረቤቴና ሁለተኛው ሚዜ ሁሴን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ገበያ የሚጠራበት ትልቅ ስፒከር አለው። እኔ ስልክ አለኝ። እትዬ ዘነበች ሰምተውት የማያውቁት አንድ አዲስ ዘፈን ከተገኘ፣ በስፒከሩ እንለቀዋለን፣ ሚዜዎች እንቀበላለን፣ እሳቸውም መልሱን አያውቁትምና በሩ ይከፈታል። ሁሴን ሐሳቡን ሲሰማ፣ «ወላሂ፣ ከጭንቅላት የወጣ ነው» አለ። ከየትኛው ጭንቅላት እንደሆነ አልተናገረም።

አዲስ ዘፈን የሚያገኙ አፖች አሉ ሲባል እሰማ ነበር። የምትወደውን ትሰማለህ፣ እነሱ ጠባይህን ያጠናሉ፣ ከዚያ ያልሰማኸውን ያመጡልሃል። የትኛው ይሻላል ብዬ ብጠይቅ ሁሉም የየራሱን ያወድሳል። አባቴ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። አፕ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ሦስቱን ጭኜ አስኬዳቸው ጀመር። ስማቸውን መጥራት ለጠብ ስለሚዳርግ በጠባያቸው ስም አወጣሁላቸው፦ ለፍላፊው፣ ኩሩው እና ዘመዱ።

ለፍላፊው በነፃ ነው። በነፃ መሆኑንም አያስረሳችሁም። ዘፋኙ ስለ ዓይኗ ሊናገር አፉን ሲከፍት የልብስ ሳሙና ይመጣል። ሳሙናው አልቆ ልጁ ስለ ፀጉሯ ሲጀምር የፓስታ ተራ ይሆናል። አንድ ዘፈን ሰምቼ ስጨርስ ሴትዮዋን ትቼ ማጠብና መቀቀል ያምረኝ ነበር። አዲስ ነገር በማምጣት ግን የሚስተካከለው የለም፤ ችግሩ መምረጥ አለመቻሉ ነው። ማንም ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የጮኸውን ሁሉ «ለአንተ የተመረጠ» ብሎ ያመጣል። አንዱ ሲዘፍን ከኋላው ፍየል ይሰማ ነበር። ፍየሉ ይሻል ነበር።

ኩሩው የውጭ አገር ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ «የምትወዳቸውን ሦስት ዘፋኞች ምረጥ» አለኝ። ከደረደራቸው ፎቶዎች አንዱንም አላውቅም። ስለዚህ በሙያዬ መረጥኩ፤ ፀጉራቸው በደንብ የተከረከመላቸውን ሦስቱን ነካሁ። እሱም በጣም ደስ አለውና በማላውቀው ቋንቋ የሚያለቅሱ ጎረምሶችን ይልክልኝ ጀመር። አንድ የአማርኛ ዘፈን ፈልጌ ባሰማው፣ ለካ ኢትዮጵያዊ ነህ ብሎ የሳክስፎን መዓት አወረደብኝ፤ ሁሉም አባቴ ጎረምሳ በነበረበት ዘመን የተነፋ። ሳክስፎኑን አልጠላሁትም። ምሳ በልቶ ጋደም ላለ ሰው ጥሩ ነው። በር ግን አያስከፍትም።

ዘመዱ የራሳችን ነው፤ አማርኛ ይችላል፣ ሰርግም ያውቃል። ግን እንደ ስሙ ነው። ዘመድ አዲስ ወሬ አለኝ ብሎ ይጠራችሁና እናንተው የነገራችሁትን መልሶ ይነግራችኋል። «አዲስ ያገኘሁልህ» ብሎ ያመጣውን ዘፈን ስከፍት፣ እሱን ዘፈን ከቤቴ ፊት የቆሙት ባጃጆች ሁሉ ይዘውት ነበር። አንድ ደግነት ግን አለው። አብዝታችሁ የምትሰሙትን ሳትጠይቁት አውርዶ ስልካችሁ ላይ ያስቀምጣል። ይህችን ጠባዩን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ዳኞቼ ደንበኞቼ ነበሩ። ሰው ወንበሬ ላይ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ዘፈን ከፍቼ፣ «እንዴት ነው ይኼ?» እለዋለሁ። ሁሉም «ደስ ይላል» ይላል። ከሁሉ በላይ «ደስ ይላል» የሚሉት ደግሞ በየገበያው ቀን ከጋፋት መጥተው ጺማቸውን የሚላጩት አያ ሞላ ናቸው። አያ ሞላ የእትዬ ዘነበች ባል ስለሆኑ እንደ ሰላይ ልጠቀምባቸው አስቤ ነበር። የለፍላፊውን ባለ ፍየል አሰማኋቸው፤ «ደስ ይላል» አሉ። የኩሩውን ለቅሶ አሰማኋቸው፤ «ደስ ይላል» አሉ። ሳሙናውም ደስ አላቸው። ከብዙ ቀን በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ስለ ሙዚቃ እውነቱን አይናገርም።

«ለመሆኑ አያ ሞላ፣ ይቺን ዘፈን እትዬ ዘነበች ሰምተዋት ይሆን?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ።

«ዘነቡ ያልሰማችው ነገር የት አለ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እኔ ልናገር ያሰብኩትን እንኳ ቀድማኝ ትሰማለች።»

በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። በኔ ቤት በሁዳዴ ዘፈን አይከፈትም፤ ደንበኛውም ሕሊናዬም አይፈቅዱልኝም። ጥናቱን አቆምኩና በዘመዱ ላይ በገና መስማት ጀመርኩ። ጠዋት ቤቴን ከምከፍትበት ጀምሮ በገና ነው። ያን ዓመት ረመዳኑም ከሁዳዴው ጋር ተገጣጥሞ ነበር። የሁሴን ስልክ መስታወቱ ረግፎ ስለነበር ሲመሽ የኔን ይወስድና እሱ በሱቁ መንዙማ ይሰማል። ጠዋት በገና፣ ማታ መንዙማ፣ በአንድ ስልክ፣ በአንድ አፕ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ሦስቱ አፖች አርፈዋል፣ ከፋሲካ በኋላ በአዲስ ጉልበት እጠምዳቸዋለሁ እል ነበር። ሲያርፉ የመሰሉኝ እየተማሩ መሆናቸውን አልጠረጠርኩም።

ፋሲካ ዋለ። ዶሮውን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ዘመዱን ከፈትኩት። «ለአንተ የተመረጡ አዳዲስ» የሚለውን ነካሁ። በገና። ወረድ አልኩ፤ በገና። አሁንም ወረድ ስል መንዙማ፣ ከዚያ ሌላ መንዙማ፣ ከዚያ ስለ ሞት የሚያስተምር በገና። እንደኔ ያለ መናኝ አይቶ አያውቅም፤ ገዳምና መስጊድ እያመላለሰ ሊያጸድቀኝ ቆርጧል።

ስልኩን ይዤ ወደ ሁሴን ሮጥኩ። አየት አደረገና ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እኔም ጾሜን ፈታሁ፣ አንተም ፈታህ» አለኝ። «ይኼ ግን ገና አልፈታም።»

ለሰርጉ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። አፑን ጾም ማስፈታት ተያያዝኩ። ሲነጋ የሰርግ ዘፈን፣ ስበላ የሰርግ ዘፈን፣ ደንበኛ ስላጭ የሰርግ ዘፈን። አንድ ለቀስተኛ ፀጉሩን ሊቀነስ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሰማና ተመልሶ ሄደ። ባለቤቴ፣ «ማነው የሚያገባው፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ፤ አነጋገሯ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ዘመዱ ግን ወይ ፍንክች። ሁለት የሰርግ ዘፈን ያስቀድምና ሦስተኛው ላይ በገናውን ይመልሳል። ንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አልተከታተሉኝም።

ያተረፈኝ ያልጠበቅኩት ኩሩው ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ፣ ከሁለት ሳክስፎን መካከል፣ አንድ የሰርግ ዘፈን አመጣ። ስሟን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ከበሮና እልልታ ይዛ፣ ተቀባዮቹ እንደ ጎርፍ ከኋላዋ ሲመጡ፣ ቤቴ ውስጥ ያለው ማበጠሪያ ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሁሴንን ጠራሁት፤ ሰምቶት አያውቅም። አያ ሞላን አሰማኋቸው፤ ደስ አላቸው። ከዘፈኑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ልብ ስነካት ቀላች፤ ተቀመጠልኝ ብዬ አመንኩ። ልብ ላይ መቀመጥና ስልክ ላይ መቀመጥ ለየቅል መሆናቸውን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የሰርጉ ዕለት ከደብረ ታቦር በመኪና ወጥተን፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግር መንገዱ ወረድን። ያረጋል በአዲስ ሱፉ ውስጥ እንደ አዲስ በር ደርቆ ይሄዳል። ሁሴን ስፒከሩን በትከሻው ተሸክሟል። እኔ ከፊት ከፊት፣ ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ በከፊል ነው የምመልሰው። በቃ፣ ኩራት ተሰምቶኛል። የትርንጎ ቤት ከጉብታው ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቦታው ነፋስ አያገኘውም፤ ነፋስ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ደጃፉ ላይ እትዬ ዘነበች ከበሯቸውን አንግተው፣ ሴቶቹን በግራና በቀኝ አሰልፈው ቆመዋል። በሩን ራሱ ያረጋል ነው የሠራው፤ ጠንካራ አድርጎ በመሥራቱ ያን ቀን የተጸጸተ ይመስለኛል። ከበሮው ተመታ። ሴቶቹ ጀመሩ። እኔ ፈገግ አልኩ፣ ሁሴንን በዓይኔ ጠቀስኩት፣ ስፒከሩ በራ። ቀይዋን ልብ ነካሁ።

አንድ ክብ ነገር ይሽከረከር ጀመር። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ «ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» አለኝ። ኔትወርኩን ባየው፣ ምንም የለም። ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋሁት። በእግሬ ጣት ቆምኩ። አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተመለከቱና ከበሯቸውን መታ አደረጉ፦

ሚዜው አንጋጠጠ እጁን ዘረጋና፣
ዘፈን ይወርድ መስሎት ከሰማይ ደመና።

ሴቶቹ ተቀበሉ። ከኛም ወገን ተቀብለው የዘፈኑ አልጠፉም። ያረጋል ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «ቃልህ» አለኝ። ከጉብታው በላይ ደመናው ይጠቁር ጀምሯል። የእብናቱ ሙሽራ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ። ለፍላፊውን ከፈትኩ፤ ያ ሁሉ ወሬኛ ያን ቀን አንድ ቃል አጣ። ሳሙናውን እንኳ ናፈቅኩት።

«ስልክህ ላይ የተቀመጠ አንድ ነገር አይጠፋም» አለኝ ሁሴን ከስፒከሩ ኋላ። «ዘመዱን እየው።»

እውነቱን ነው። ዘመዱ ሳይጠይቁት የሚያወርድ ደግ አፕ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰርግ ዘፈን አሰምቼው የለ? ከፈትኩት፣ ካስቀመጣቸው የመጀመሪያውን ሳላነብ ነካሁ፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት።

በገና በትልቅ ስፒከር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ ነው የሚያጉረመርመው። ሴቶቹ ዘፈኑን አቋረጡ። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ፣ ያማረ ልብስም የተሸለመ ገላም አንድ ቀን አፈር እንደሚሆን ይነግረን ጀመር። ሱፍ ለብሶ የቆመው ያረጋል ደረቱ ላይ ያለችውን አበባ አየት አደረጋት። እኔ ልዘጋው ብሞክር ጣቴ ላብ ሆኖ ስልኩ አልታዘዝ አለኝ። ሁሴን አንገቱን ደፍቶ፣ «አላህ ይወድሃል፣ ቀጥሎ የኔው መንዙማ እንዳይመጣ» ይለኛል በሹክሹክታ።

እትዬ ዘነበች የከበሮ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ክፉኛ ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የእግዚአብሔር ስም እየተጠራ መሳደብ አይቻልም። በላዩ ላይ መዝፈንም አይቻልም። ከበሮውን ቀስ አድርገው ወደ ጎን አዞሩት፣ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ አማተቡ፣ አንገታቸውን ደፉ። ሴቶቹም እንዲሁ አደረጉ። ያ የጋፋት ምሽግ በአንድ ጊዜ የሰንበት ቅዳሴ ሆነ።

ያረጋል ምን እንዳሰበ ዛሬም አጣርቶ መናገር አይችልም። በገናው ሲሰማ፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች በሁለት ወገን አንገታቸውን ደፍተው ሲቆሙ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ገርበብ ያለ በር ሲያይ፣ እግሩ የለመደውን አደረገ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። አስተካክሎ ከደፉ ሥር አኖረ። አማተበ። ከዚያ በካልሲው፣ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት በኩል የተቀደደች ካልሲ ነበረች፣ በሴቶቹ መሀል አልፎ ገባ። አማትቦ ጫማውን አውልቆ የሚገባን ሰው ማን ደረቱን ይዞ ይመልሳል? ሁሴንም ይህን አየ። ጫማ አውልቆ መግባት ለእሱም የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ጫማውን አወለቀና ስፒከሩን እንደተሸከመ ከኋላው ገባ።

እኔ ድንጋዩ ላይ እንደቆምኩ ነበርኩ። ቆይቼ ወርጄ፣ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ የያረጋልን አዲስ ጫማ አነሳሁ። በገናው አለቀ። እትዬ ዘነበች ቀና ሲሉ ሙሽራ የለም። ወደ ውስጥ አዩ፤ ያረጋል በካልሲው ከትርንጎ አጠገብ ተቀምጧል። ወደኔ አዩ። እኔም ጫማውን ይዤ አየኋቸው።

«ሙሽራው ገባ፤ ይግባ» አሉ ነጠላቸውን መልሰው ወገባቸው ላይ እያሰሩ። «በእግዜር ስም የገባን ሰው አላስወጣም። አንተ ግን የት ልትሄድ ነው?»

በሩ ተገጠመ። ስፒከሩ ከውስጥ፣ ሁሴን ከውስጥ፣ ሙሽራው ከውስጥ። ዝናቡ አንድ ሁለት ጠብታ ጣለ። አስቡት፤ ሰርግ ላይ በር የተዘጋበት ሙሽራ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ሙሽራው ገብቶ በር የተዘጋበት ሚዜ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ከበሮው ተመታ፣ ሴቶቹ ጀመሩ፣ ሁሉም የኔን አፍ ይጠብቃል። የኔታ ቢኖሩ ጧፍ ያስይዙኝ ነበር። እዚህ ያለኝ ጫማ ብቻ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጀመርኩ፦

አገር ምድር ዞሬ አዲስ ዘፈን ሳጣ፣
ጎርናናው ድምፄ ነው ተሸክሞኝ የመጣ።

ውሻው ጮኸ። ከጎረቤት ሌላ ውሻ መለሰለት። እትዬ ዘነበች ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልነበራቸውም፤ ሳቅ አፍኗቸው ከበሮውን ተደግፈዋል። ይህን ሳይ ደፈርኩ፦

ይክፈቱልኝ እትዬ ይክፈቱልኝ በር፣
አያ ሞላን ኋላ ማን ሊላጭ ነበር?

ዜማው ከየት እንደጀመረና የት እንደጠፋ እኔም አላውቅም። ሴቶቹ ግን መቀበል ትተው ወገባቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከቤት ውስጥ የትርንጎ ሳቅ ተሰማ፤ ሙሽራ ሳትስቅ ነው የምትቀመጠው የሚባለው ያን ቀን ተሻረ። እትዬ ዘነበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ክፈቱለት፣ ኧረ ክፈቱለት፣ ሦስተኛውን ከጀመረ ላሞቹ ወተት ይከለክሉናል» አሉ። ገባሁ። ለያረጋል ጫማውን ሰጠሁት።

«በር ላይ አላስቀርህም ብዬህ ነበር» አልኩት አጠገቡ ስቀመጥ።

«አላስቀረኸኝም» አለ ጫማውን እያጠለቀ። «የቀረኸው አንተ ነህ።» ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ትከሻዬን አቅፎ ሳቀ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ስለ ሦስቱም አፖች የነበረኝ ቂም ወጣልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰርግ ነው፤ በላን፣ ጠጣን፣ ለሁሴንና ለወገኖቹ ለብቻ የተሠራላቸው ምግብ ከኛው ይበልጥ ያውድ ስለነበር ስቀናበት ዋልኩ።

እትዬ ዘነበች ግን አልማሩኝም። ጠላ ሲያዞሩ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «በትንሣኤው ሳምንት የሁዳዴ በገና የሚያሰማ ሚዜ በዘመኔ አላየሁም። ጌታ ተነሥቷል፣ አልነገሩህም?» አሉኝ።

«እኔስ ሰምቻለሁ እትዬ። ስልኬ ነው ያልሰማው።»

ዋንጫዬን ሞሉልኝ። ሊሄዱ ሲሉ መለስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ያ ባለ በገና ማነው? ይህን ሁሉ ዘመን ስሰማ እንዲያ ያለ አልሰማሁም።»

ዋንጫውን ይዤ ቀረሁ። ከቅበላ ጀምሮ ሳድን የከረምኩት እኮ እትዬ ዘነበች ያልሰሙትን ነው። እገሌ ነው እንዳልላቸው እኔም አላውቀውም፤ ዘመዱ ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ አውርዶ፣ ሳልጠይቀው ያስቀመጠልኝ ነው። በሚቀጥለው ገበያ አያ ሞላ የልጃቸውን ስልክ ይዘው መጡና በገናውን ጫንኩላቸው። አሁን በየገበያው፣ «ዘነቡ ሌላ አዲስ አለ ወይ ብላለች» እያሉ ይመጣሉ። አለ። ዘመዱ ጾሙን እስካሁን አልፈታም።

የትኛው አፕ ይሻላል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እስካለፈው ገበያ ድረስ መልሴ ዘመዱ የሚል ነበር። ያን ቀን አያ ሞላን እየላጨሁ፣ ቤቱ ጭር ሲል ጊዜ ለፍላፊውን ከፈትኩት። «ለአንተ የተመረጠ አዲስ ሙዚቃ» አለ። መጀመሪያ ሳሙናው መጣ። ቀጥሎ ከበሮ ተመታ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና አገር ምድር ዞሬ አዲስ ዘፈን ሳጣ ብሎ ጀመረ። ውሻው ጮኸ። ሰርግ ላይ ስልክ ደግኖ የነበረ አንዱ ግፈኛ ቀርጾ ለቆታል።

ምላጩን እንደያዝኩ ደርቄ ቆምኩ። የባለ ፍየሉ ሰው ትዝ አለኝና አዘንኩለት። አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰጥተው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ስማቸው ሲጠራ ጺማቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«እንዴት ነው አያ ሞላ?» አልኳቸው።

አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ምላጩን አዩ።

«ደስ ይላል» አሉኝ።